ጠቅልዬ ስገባ

ጥር 9 ቀን ቅዳሜ ጠዋት፣ ከምኖርበት የሜሪላንድ ከተማ በመኪና ሃያ ደቂቃ ያህል ወደሚያስኬድ የኪራይ መጋዘን ሄድኩ። ብዙዎቻችን ስቶሬጅ የምንለው ነው፤ ረጅም መተላለፊያ፣ ግራና ቀኝ የብረት መዝጊያዎች፣ ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራ መብራት። የውስጡ ቅዝቃዜ ከውጭው አይሻልም። ሰኞ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ በመሆኑ ሦስት የዕረፍት ቀናት ነበሩኝ፤ የዘንድሮው ጥምቀትም በዚያው ሰኞ ዋለ። ሐሳቤ በሁለቱ ቀናት ክፍሉን ባዶ አድርጌ ቁልፉን ለመመለስ፣ ሰኞን ደግሞ ለበዓሉ ለማዋል ነበር።

የዘወትር አንባብያን ከዚህ ደብዳቤ የምንዛሪ ተመን ወይም የዕዳ ሽግሽግ ትንተና እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። የዛሬው ሒሳብ የራሴ ነው።

ክፍሉን የተከራየሁት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ነው። ኪራዩ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየጨመረ በአማካይ በወር 94 ዶላር ከፍያለሁ። የሌሎችን ወጪና ጥቅም እያሰላሁ የምተዳደር ሰው፣ ይህን የራሴን ስሌት አንድ ቀን እንኳ ሠርቼው አላውቅም ነበር። በብረቱ በር ፊት ቆሜ በስልኬ አባዛሁት፤ 84 ወር፣ 7,896 ዶላር። ውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ ቢሸጥ 1,000 ዶላር አያወጣም።

ዕቃው ምንድን ነው? ለአሥራ ሁለት ሰው የሚበቃ የሸክላ ሳህን ከነካርቶኑ። መስኮቱን አይቼው ለማላውቀው ሳሎን የገዛሁት መጋረጃ። የአልጋ ልብስ፣ አራት ካርቶን መጽሐፍና የመመረቂያ ጽሑፌ ረቂቆች፣ ባዶ ሻንጣዎች። የሩዝ መቀቀያ፣ የቡና መፍጫ፣ የአትክልት መፍጫ። እነዚህ ሦስቱ በ120 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ኃይሉ 220 ቮልት መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ለአዲስ አበባ ብዬ ገዝቼ ሰባት ዓመት የተከራየሁላቸው ማሽኖች፣ አዲስ አበባ ደርሰው ያለ ትራንስፎርመር ቢሰኩ ያንኑ ዕለት ይቃጠሉ ነበር። ይህን ሳስብ ብቻዬን ሳቅኩ፤ መተላለፊያው ውስጥ ሌላ ሰው ባለመኖሩም ደስ አለኝ።

ከስደት ለመመለስ በአማርኛችን የምንጠቀምበት ቃል «ጠቅልሎ መግባት» ነው። ሰው ዝም ብሎ አይመለስም፤ ጠቅልሎ ይገባል። የጉምሩክ መመሪያ እንኳ የቤት ዕቃን ከቀረጥ ነጻ ሲፈቅድ የሚያውቀው ጠቅልሎ የመጣን ሰው ነው። ስለ ዲያስፖራ ፖሊሲ ስንጽፍም የገባና ያልገባ ብለን ሁለት ሣጥን እንሠራለን፤ በሁለቱ መካከል፣ በወር 94 ዶላር የሚኖረውን ሰው የሚቆጥር ሰንጠረዥ አላየሁም።

ስለ ወቅቱም አንድ ነገር ልበል። አገር ቤት ጥር በጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ እህሉ ከአውድማ የገባበት፣ ሠርግ የሚደገስበት ወር። እዚህ ጥርን ክረምት የምንለው ሌላ ቃል ስላጣን ይመስለኛል። የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፤ ማብቂያውም ዓመት መለወጫ። ጭቃው ሲጠነክር ቤት ይጠረጋል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ አዲስ ልብስ ይለበሳል። አዲስ ዓመት ከክረምት ማግስት የሚመጣ ነገር ነው ብሎ ላደገ ሰው፣ በብርዱ እምብርት ላይ «እንኳን ለአዲሱ ዓመት» መባል ይጎረብጣል። ለአሥራ ሁለት ዓመታት ጃንዋሪን የሌላ ሰው በዓል አድርጌ አሳለፍኩ፤ የራሴን አዲስ ዓመት መስከረም ላይ፣ የራሴን ኑሮ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ቀጥሬ።

ማከማቸትን የተማርኩት ከእናቴ ነው። ቤታችን ባዶ የቡና ጣሳ አይጣልም፤ ፌስታል በፌስታል ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል፤ የተሰበረ ወንበር እንኳ ልዋጭ የሚሉት ሴቶች ወይም ቆራሌው እስኪመጣ ድረስ በረንዳ ላይ ተራውን ይጠብቃል። እናቴ ትዳር የመሠረተችው ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በኩፖን በሚታደሉበት ዘመን ነበር። ሃንጋሪያዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ያኖሽ ኮርናይ በ1980 ባሳተመው የእጥረት ኢኮኖሚ ጥናቱ እንዳስረዳው፣ ነገ መገኘቱ ባልተረጋገጠ ዕቃ ዓለም ውስጥ የሚያከማች ሰው ለሁኔታው ትክክለኛውን መልስ ነው የሚሰጠው። እኔም በተማሪነቴ አገር ቤት ስመላለስ ያየሁት ያንኑ እጥረት በሌላ መልኩ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ በወረፋ፣ አስመጪው በወረፋ፣ መድኃኒት እንኳ በወረፋ። እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ሻንጣ፣ 23፣ 23 ኪሎ ይዘን የምንገባ ጥቃቅን አስመጪዎች ነበርን። ሳህኑን የገዛሁት በዚያ ስሌት ነው።

ስሌቱ ግን በጁላይ 2024 ተለወጠ። ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለ ለውጡ በዚህ ደብዳቤ ላይ ሦስት ረጃጅም ጽሑፎች ጽፌያለሁ፤ ከእንግዲህ ዕቃ ከማመላለስ ገንዘብ መላክ እንደሚያዋጣ ያስረዳሁትም እኔ ነኝ። በዚያው ወር መጨረሻ የመጋዘኑ ኪራይ እንደወትሮው ከባንክ ሒሳቤ ላይ ተቆረጠ።

ሌላ ምክንያት ነበረኝ። አቪናሽ ዲክሲትና ሮበርት ፒንዳይክ በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ በቀላሉ የማይቀለበስ ውሳኔ ፊት የቆመ ሰው፣ ነገ የተሻለ መረጃ የሚያገኝ ከሆነ ዛሬ አለመወሰኑ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። የመጋዘኑን ኪራይ እንደ አረቦን ቆጥሬው ነበር፤ የመመለስ መብቴን እንዲያቆይልኝ በየወሩ የምከፍለው። ይህ ክርክር ግን የሚቆመው የሚጠበቅ ዜና ሲኖር ነው። ያን ዕለት ካርቶን ላይ ተቀምጬ ራሴን ጠየቅኩ፤ ምን ብሰማ ነው የምመለሰው? ምን ብሰማስ አልመለስም የምለው? በእነዚህ ሰባት ዓመታት የሰሜኑ ጦርነት ተነሥቶ በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆሟል፤ በሌላ አቅጣጫ ሌላ ግጭት ቀጥሏል፤ ብሩ ለገበያ ተለቋል፤ አባቴ ሞቷል፤ እኔ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ከእነዚህ ሁሉ በአንዱም ምክንያት መጋዘኑን አልዘጋሁም፤ በአንዱም ምክንያት ዕቃውን አልጫንኩም። ለሁሉም መልሴ «እስቲ ትንሽ ልየው» ነበር። ማንኛውም ዜና የማይለውጠው ከሆነ፣ ያ መጠባበቅ መብትን ማቆየት ሊባል አይችልም። ለሽሽቴ ነበር ኪራይ የምከፍለው።

ከካርቶኖቹ ኋላ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ የተሰቀለ ካፖርት ነበር። በ2013 ለዶክትሬት ትምህርት ስነሣ አባቴ የገዛልኝ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነበር፤ የምሄድበትን የመካከለኛው ምዕራብ ከተማ የጥር ቅዝቃዜ ከየት እንዳገኘው እንጃ «ከዜሮ በታች አሥራ አምስት ዲግሪ» እያለ ለጎረቤት ሁሉ ሲናገር ሰነበተ። ከዚያ መርካቶ ወርዶ ከሳልባጅ ክምር ውስጥ ይህን ግራጫ የሱፍ ካፖርት መርጦ መጣ። የውስጡ ምልክት ላይ በጀርመንኛ ተጽፏል። አንዲት የማላውቃት ሴት ምናልባት ጀርመን አገር ከቁም ሣጥኗ ያወጣችው ልብስ፣ ለንግድ ማስገባቱን በሚከለክል ሕግ ሥር በኮንትሮባንድ አዲስ አበባ ገባ፤ በእኔ ትከሻ ላይ ሆኖ ደግሞ ወደ ብርድ አገር ተመለሰ። (ሳልባጅ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል። ሩዋንዳ በአሮጌ ልብስ ላይ ቀረጥ ብትጨምር፣ አሜሪካ በ2018 በአጎዋ ሥር የነበራትን የልብስ ምርት መብት እንዳገደችባት የምታስታውሱ ትኖራላችሁ።) ካፖርቱን የለበስኩት ሁለት ክረምት ብቻ ነው። ይከብዳል፤ በረዶ ሲቀልጥበት እንደ ረጠበ በግ ይሸታል። በሦስተኛው ዓመት እንደ ሰዉ ሁሉ ቀላል ጃኬት ገዛሁ።

አባቴ በ2020 መጨረሻ ሲያርፍ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዬ በሂደት ላይ ነበር። ከአገር ብወጣ ማመልከቻውን እንደተውኩት ይቆጠራል። ቀብሩን በስልክ ምስል አየሁት፤ ምስሉ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ካፖርቱን ከቤቴ አውጥቼ እዚህ አመጣሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዲቪ ከመጡ ገና አራት ወር የሆናቸው ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር መጡ። በወዳጅ በኩል ነው የተገናኘነው። የሩዝ መቀቀያውን፣ መፍጫዎቹንና የአልጋ ልብሱን ወሰዱ፤ ለእነሱ 120 ቮልቱ ልክ ነው። መጋረጃውን ሚስትየው በክንዷ ለክታ «ይረዝማል፤ አሳጥረዋለሁ» አለች። ያን ጊዜ ካፖርቱን አወጣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለሰው ከሰጠሁት ለእሷ ልስጠው ብዬ ቆርጬ ነበር። ለበሰችው። እጅጌውን አየች፤ ባሏን አየች። «እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይሄን ግን ተዪው፣ ለእኔ ይከብደኛል» ብላ በጥንቃቄ አጥፋ መለሰችልኝ። እሷ የለበሰችው ጃኬት ከእኔ ይሻላል።

በ1990 ካነማን፣ ኔትሽና ቴለር ባሳተሙት ታዋቂ ሙከራ፣ ስኒ የተሰጣቸው ተማሪዎች ስኒውን ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ ገዢዎቹ ሊከፍሉ ከፈቀዱት እጥፍ ያህል ነበር። ውጤቱን ለዓመታት ሳስተምር በስኒው ባለቤቶች ላይ ትንሽ እየሳቅኩ ነበር። ስኒውን ማን እንደሰጣቸው ግን የጠየቅኩበት ቀን አልነበረም።

እሑድ ማለዳ ለእናቴ ደወልኩ። አዲስ አበባ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ከተራ ነው፤ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ልትወጣ በር ላይ ነበረች።

«እማዬ፣ ያ አባዬ የገዛልኝ ካፖርት…»

«የቱ? ግራጫው? እስካሁን አለ እንዴ?»

«አለ። ለሰው ልስጠው ወይ ብዬ ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። «ልጄ፣ እኔ የአባትሽን ልብስ ለአርባው ነው አውጥቼ የሰጠሁት። ሱፉን ለዘበኛው፣ ጋቢውን ለንስሐ አባታችን። አንቺ ለሳልባጅ ቤት ትከራዪለታለሽ?»

መልስ አልነበረኝም። ከአምስት ዓመት በላይ፣ እመለስበታለሁ ብዬ የማስበው ቤት የአባቴ ኮቶች በቁም ሣጥን የተሰቀሉበት ቤት ነበር። ማንም እንዲህ ነው አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቁም ሣጥኑ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ባዶ ኖሯል።

«ይልቅ የላክሁልሽን ቀሚስ ለበስሽው?» አለች።

ቀሚሱን ከላከችልኝ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ስገባ እለብሰዋለሁ ብዬ እንዳስቀመጥኩት ነገርኳት።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» አለችኝ፤ ሳቋ ይሰማኛል። «በይ፣ ታቦቱ ሊወጣ ነው» ብላ ዘጋችው።

እሑድ ማታ ክፍሉ ባዶ ሆነ። መጽሐፎቹን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ወሰድኩ፤ ረቂቆቹን ያለ ምንም ጸጸት የወረቀት መጣያ ውስጥ ጨመርኳቸው፤ ከሻንጣዎቹ አንዱን ብቻ አስቀረሁ። ቢሮው ውስጥ የነበረው ወጣት የመልቀቂያ ቅጽ ሰጠኝ። የመልቀቂያ ምክንያት የሚል ጥያቄ አለው፤ ቤት ቀየርኩ፣ ኪራዩ ተወደደብኝ፣ ቦታው አያስፈልገኝም፣ ሌላ። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ፤ ከጎኑ ያለውን መስመር ባዶውን ተውኩት። ወጣቱም አላነበበውም።

ያቺ አንዷ ሻንጣ ሥራ አላት። ከሰኔ ጀምሮ፣ ክረምቱን በእውነተኛው የቃሉ ትርጉም፣ አዲስ አበባ ሆኜ የድህረ ምረቃ ተማሪዎችን ለማስተማር ተስማምቻለሁ። ግብዣው ሲደርሰኝ ይህ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሁለት ጊዜ «ጠቅልዬ እስክገባ ልጠብቅ» ብዬ መልሻለሁ። አሁን ሦስት ወር ሄጄ እመለሳለሁ፤ ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት እንደገና። በጽሑፍ ያሰፈርኳቸው ሁለት መለኪያዎችም አሉኝ፤ አንዱ ስለ ሥራው ነው፣ ሌላው ስለ እናቴ ጤንነት። በ2028 አይቻቸው እወስናለሁ። ለባልደረባዬ ሳሳየው «ይህ እኮ የፕሮጀክት ሰነድ ነው» አለኝ። ልክ ነው።

ሰኞ ቀሚሱን ከጃኬቴ ሥር ለብሼ ወጣሁ። ከበዓሉ መልስ ቤቴ ዘጠኝ ሰው ተሰበሰበ፤ ቅዳሜ የተዋወቅኋቸው ባልና ሚስትም ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ሳህኖቹን ከካርቶናቸው አወጣኋቸው፤ በየመካከላቸው የነበረው ጋዜጣ የ2018 ነው። ትንሹ ልጅ አንዱን ጣለው። እናቱ ክው ብላ ቀረች፤ እኔ ግን መጥረጊያ ፍለጋ ስሄድ አሥራ አንድ ሳህን ለምኖርበት ቤት እንደሚበቃ እያሰላሁ ነበር።

ካፖርቱ ይህን ስጽፍ አሁንም ከመኪናዬ ኋላ ነው። የልብስ መሰብሰቢያው ሣጥን ወደ ቢሮ በምሄድበት መንገድ ዳር ይገኛል። ሁለት ጊዜ አልፌዋለሁ።