ጫፍ ላይ የቆመው ልጅ

ሰሞኑን ዶርም ውስጥ የአሜሪካኖቹን የከበሮና የጡሩምባ ሰልፍ ውድድር በስልክ እያየን የማን አሰላለፍ ይበልጣል ብለን ተከራከርን። ከ100 በላይ ወጣቶች እየነፉና እየመቱ መስመር ይሠራሉ፣ ያጥፉታል፣ ክብ ያደርጉታል። አንዱ ዳኛ ከላይ ሆኖ ቅርጹን ያያል፤ ሌላው ሜዳ ወርዶ እግራቸውን።

ማክሰኝት ስንማር፣ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን በክፍል ስንወዳደር፣ የኛ ዳኛ አንድ መምህር ነበር፤ የቆመውም ከፊታችን። በሶፍ ቀጥ ብሎ መቆም ለምደናልና አልሰጋንም፤ ሶፍ ግን አይታጠፍም። ስንታጠፍ መስመራችን ተቆለመመ፣ ተሸነፍን። ጥፋቱን ሁሉ ጫፍ ላይ በነበረው አጭር ጓደኛችን ላይ ጣልንና ሳምንት ሙሉ አኮረፍነው።

አሁን ስናሰላው፣ በ1 ሜትር ርቀት የቆሙ 8 ልጆች ሩብ ዙር ሲዞሩ ማዕዘኑ ላይ ያለው ባለበት ይረግጣል፤ ጫፍ ያለው በዚያው ምት 11 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሮጦም አይደርስ! እዚያ ያቆምነው ደግሞ እኛው ነን፤ ረጃጅሞቹ ለመምህሩ እንዲታዩ ብለን።

የዶርሙን ክርክር የቋጨነው በዚሁ ነው፤ ድምፃችንን የሰጠነው መታጠፊያው ላይ የጫፉ ሰው ሳይሮጥ ለሚደርስበት አሰላለፍ ነው። ልጁን በየዒዱ እናገኘዋለን። አፉ በለን አላልነውም፤ ገና ነው።