በደብረ ታቦር ዳዊትን መድገም

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ የፎገራን ሜዳ ከኋላው ትቶ ደጋውን ይያያዛል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘም በኋላ ደብረ ታቦር ይደርሳል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ከበላዩ ደግሞ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የጉና ተራራ አለ፤ ርብና ጉማራ ከዚያ ወገን ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በክረምት ጭጋጉ ገለጥ ሲል የገብሱና የድንቹ ማሳ ለምልሞ ስናየው፥ ፈጣሪን ሳናመሰግን ማለፍ አይሆንልንም። ነገር ግን በምን ቃል እንጸልይ?

ለዚህ ጥያቄ አባቶቻችን የሰጡን መልስ መዝሙረ ዳዊት ነው። ይህ አገር የሊቃውንት አገር ነው፤ ድጓ የሚመሰከርባት ቤተ ልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርባት ዙር አባ በጋይንት ወገን ይገኛሉ። ወደነዚህ ጉባኤያት የሚሄደው ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ ፊደል የቆጠረ፥ መልእክተ ዮሐንስን ያነበበ፥ ዳዊት የደገመ ነው። መቶ ኀምሳው መዝሙር ዐሥር ዐሥሩ አንድ «ንጉሥ» እየተባለ በዐሥራ አምስት ይከፈላል። ሰኞ ሦስት፥ ማክሰኞ ሦስት፥ ረቡዕ ሁለት፥ ሐሙስ ሦስት፥ ዓርብ ሁለት፥ ቅዳሜ ሁለት ንጉሥ ይደገማል፤ የእሑዱ ድርሻ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። በዚህ ሥርዓት የሚኖር ክርስቲያን በሳምንቱ ውስጥ ደስታውንና ኀዘኑን፥ ፍርሃቱንና ንስሓውን ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት ያቀርባል።

ይህን ሁሉ ለማድረስ ጊዜ የሚያጥረው ባለ ሥራና ባለ ትዳር ግን ከናካቴው ሊተወው አይገባም። ለሰዓቱና ለጉዳዩ የሚስማማውን አንድ መዝሙር መርጦ ቀስ ብሎ ያንብብ፤ ግእዙ ቢከብደው በአማርኛው ይመልከተው፤ ልቡን በነካው ቃል ላይ ጥቂት ይቁም፤ በዚያም ቃል ተመርቶ የራሱን ጉዳይ ለፈጣሪው ይንገር፤ በአቡነ ዘበሰማያት ይፈጽም። ወደ ጉና አቀበት የሚወጣ መንገደኛ መዝሙር 120ን፥ ዘር የሚዘራ ገበሬ 125ን፥ የዓመቱን ዝናምና ቡቃያ የሚያይ 64ን፥ በሠርክ ለጸሎት የሚቆም 140ን፥ ንስሓ የሚገባ 50ን ይያዝ። ይህ ቁጥር የግእዙ ዳዊት ነው፤ የዕብራይስጡን አቈጣጠር በተከተለ መጽሐፍ ቅዱስ የጠቀስናቸው መዝሙራት ቁጥር በአንድ ይጨምራል።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ግን አለ። ደብረ ታቦር መድፍን የምታውቅ አገር ናት። በአጠገቧ ባለችው በጋፋት፥ ወንጌልን ለማስተማር የመጡ አውሮፓውያን ሙያተኞች በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሠርተዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማውን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሄደዋል። በእኛም ዘመን በ2013 ዓ.ም. የደብረ ታቦር በዓል በሚውልበት በነሐሴ ወር፥ በጦርነቱ ምክንያት ከባድ መሣሪያ በከተማው ላይ ወድቆ ሰላማውያን ሰዎች በቤታቸው ሳሉ ሞተዋል። እንዲህ ያለ መከራ የደረሰበት ሰው ዳዊቱን ሲገልጥ ጠላትን የሚረግሙትን 34ኛውንና 108ኛውን መዝሙር ያገኛል። የባላጋራቸውን ስም ጠርተው ዳዊት የሚደግሙበትም አይጠፉም። እንግዲህ ኀዘንተኛው እንዴት ይጸልይ?

ዝም በል ልንለው አይገባም። መዝሙር 12 መከራው እስከ መቼ እንደሚቆይ እግዚአብሔርን ይጠይቃል፤ መዝሙር 87ም መጽናኛ ሳይናገር በጨለማ ያበቃል። ማልቀስንና አቤት ማለትን ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ ፈቅዶልናል። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ በ21ኛውና በ30ኛው መዝሙር ቃል ጸልዮአል፤ ለሰቀሉት ግን ይቅርታን ለመነላቸው። መምህራንም በመዝሙሩ ያለውን ጠላት ዲያብሎስና ኃጢአት እያሉ ይተረጉሙልናል። እንዲህ ከሆነ ያው የርግማን መዝሙር በልባችን የተቀመጠውን ቂም የምንዋጋበት መሣሪያ ይሆንልናል።

ለከተማው ስሙን ያወረሰው የታቦር ተራራም ይህንኑ ያስተምረናል። ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 9 እንደ ጻፈው ጌታችን ወደ ተራራው የወጣው ሊጸልይ ነው፤ ሲጸልይም ፊቱ በብርሃን ተለወጠ። ያንን ብርሃን ካዩት ከሦስቱ ሁለቱ ያዕቆብና ዮሐንስ ነበሩ። በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ወረድ ብሎ፥ አንድ የሳምራውያን መንደር ጌታን አልቀበልም ባለ ጊዜ፥ እነዚሁ ሁለቱ እሳት ከሰማይ ወርዶ መንደሩን ያጠፋ ዘንድ ሊለምኑ ፈለጉ። ያሰቡትም ያለ ምሳሌ አልነበረም፤ ነቢዩ ኤልያስ እሳት ማውረዱን ያውቁ ነበር፤ ኤልያስንም በተራራው ላይ አይተውታል። ጌታ ግን ዘወር ብሎ ገሠጻቸው፤ ወደ ሌላም መንደር ሄዱ።

ስለዚህ ከቅዱስ መጽሐፍ ቃል ወስዶ መጸለይ ብቻውን አይበቃም፤ የወሰድነው ቃል ልመናችንን እንዲመረምርና እንዲያቀና መፍቀድ ያስፈልጋል። የቂም ልመና በዳዊት ቃል ቢነገር የዳዊት ጸሎት አይሆንም።

ክቡራን ወላጆች! በመጪው ቡሄ ልጆቻችሁ ጅራፋቸውን አጩኸው፥ ሙልሙላቸውን ተቀብለው ሲሰበሰቡ፥ ሉቃስ ምዕራፍ 9ን ከቁጥር 28 እስከ 56 አንብቡላቸው። የብርሃኑን ታሪክ አንብባችሁ አትዝጉት፤ የእሳቱን ልመናና የጌታን ተግሣጽ ጨምሩበት። ከዚያም ከልጅ እስከ አዋቂ እያንዳንዱ የተቀየመውን አንድ ሰው በልቡ አስቦ ስለ እርሱ አቡነ ዘበሰማያት ይድገም። በታቦር ብርሃኑን የገለጠ አምላክ ልባችንን ያብራልን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ይስጥልን። አሜን።