ከእምብርት በታች

በልጅነቴ የሳሪስና የአደይ አበባ ሰፈር ሴቶች ስለ ማህፀን ሕመም ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ እኛ ልጆች «ውጡ» እንባላለን። አክስቴ የወር አበባዋ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ደም ሲታያት ለእናቴ እንኳ የተናገረችው ዘግይታ ነው። ጠበል ተጠመቀች፣ የታዘዘላትን ሥር ጠጣች፤ ሲብስባት ኦፕራሲዮን ሆነች።

ያኔ ኦፕራሲዮን ማለት ከእምብርት በታች ቁልቁል መቀደድ ነው። ሆዷን በመቀነት ጥፍር አድርጋ፣ በሁለት ሰው ተደግፋ ከታክሲ ወረደች። ሳል ሲመጣባት ትራስ ታቅፋ ትጨነቃለች። ጎረቤት በየተራ አጥሚት ያመጣል፣ የእድሯ ሴቶች እንጀራዋን ይጋግሩላታል፤ ውሃ መቅዳትና ልብስ ማጠብ ለወራት ተከለከለች። ዳነች፣ ተመስገን። ማህፀኗ መውጣቱን ግን ማንም ሐኪም አልነገራትም፤ ያወቀችው የጎረቤት ተማሪ የመውጫ ወረቀቷን ሲያነብላት ነው። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ልጇ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። የእናቷ ሕመም፣ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር፣ በእሷም ሲገኝ በሮቦት ተሠራላት፤ በማግስቱ ቤቷ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች በቪዲዮ አነጋገረችን። ሮቦቱ በራሱ አይቆርጥም። ሐኪሙ ከአልጋው ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ የሆዷን ውስጥ በካሜራ አጉልቶ እያየ፣ ቀጫጭን መሣሪያዎቹን በእጁ ይመራል፤ መሣሪያዎቹ እንደ ሰው አንጓ ይጠማዘዛሉ። ሆዷ ላይ የቀሩት ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ማህፀኑ የወጣው በብልት በኩል ነው። አሜሪካ ለማህፀን ቀዶ ጥገና ዳ ቪንቺ የተባለውን ሮቦት የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

እናቴ ስክሪኑን እየሳመች አለቀሰች። እኔም ደስ አለኝ፤ ግን የትንሿን ቀዳዳ ውለታ በልኩ ማወቅ ይሻላል። ከ2,600 በላይ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ታማሚዎች የተካፈሉበት የአሜሪካ ጥናት፣ በላፓራስኮፒም (በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚሠራው) ሆነ ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙት መካከል አምስት ዓመት የኖሩት እኩል፣ ወደ 90 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ልዩነቱ ስቃዩና የአልጋው ጊዜ ላይ ነው፦ በላፓራስኮፒ ከታከሙት መካከል ከሁለት ቀን በላይ ሆስፒታል የተኙት 52 ከመቶ ሲሆኑ፣ ሆዳቸው ከተከፈተው 94 ከመቶ ነበሩ። ሆዷን በመቀነት ላሰረች ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከማህፀን ግድግዳ ካንሰር ይልቅ የሀገራችንን ሴቶች አብዝቶ የሚጎዳው ግን የማህፀን በር ካንሰር ነው፤ እዚያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 631 ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት፣ ገና በጀመረ የማህፀን በር ካንሰር በቀዳዳ ከተሠራላቸው ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ሕመሙ ያልተመለሰባቸው 86 ከመቶ፣ ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙት ግን 96.5 ከመቶ መሆናቸውን አወጣ። በሠለጠነው ዓለም ብዙ ሐኪሞች ለዚህ ሕመም ወደ አክስቴ ዓይነት ቀዶ ጥገና ተመለሱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢትዮጵያ 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች ይህን ካንሰር የሚከላከለውን የኤች ፒ ቪ ክትባት መስጠት ጀመረች። ለእኔ ከሮቦቱ የሚበልጠው ዜና ይህ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከቃሊቲ ተነስቶ በሳሪስና በንፋስ ስልክ ወደ መሃል ከተማ ሲመላለስ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የቀረበን መሰለን። ለጨረር ሕክምና ግን ያኔ በመላው ሀገሪቱ የነበረው እሱ ብቻ ነው፤ ዘግይተው የደረሱ ሴቶች ወረፋ ሲጠብቁ ሕመሙ አልጠበቃቸውም። የማህፀን በር ምርመራ ደግሞ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የማህፀኑን በር ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብተው ነጭ ምልክት መውጣት አለመውጣቱን ያያሉ።

በቀደም ቡና ላይ የአክስቴን ልጅ ነገር ሳወራ አንዲት ጎረቤቴ የሮቦቱን ዋጋ ጠየቀችኝ። «አንቺስ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ምን ሆኜ?» አለችኝ። ዕድሜዋ 41 ነው፤ ጤና ጣቢያው ከቤቷ በእግር ይደረሳል።