ለወንጂው ወዳጄ

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። መልስ ልጽፍልህ ተቀምጬ ቃል አጣሁ። አሁንም ቢሆን የሞላልኝ ነገር የለም። ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም።

ልጆችህ «ስኳር ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዓመቱ፣ ይብቃህ እንጂ» ይሉኛል ብለሃል። አትቀየማቸው። እነሱ የሚያውቁት መዘጋቱን ነው፤ አንተ ኖረህበታል። ማዘን ካማረህ እዘን። ማንም አያስቸኩልህ።

ለሰው ቢሆን ድንኳን ይተከላል። እድሩ ወንበሩንና ድስቱን ያመጣል። ጎረቤት አብሮ ያድራል። ለፋብሪካ ግን ለቅሶ የሚደርስ የለም። ማሽኑ ቆመ፣ ሠራተኛው መሣሪያውን አስረከበ፣ በቃ። ሁሉም ሐዘኑን ይዞ ወደየቤቱ ገባ። ያንተ እስከ ዛሬ ያልወጣልህ፣ በወቅቱ ስላላለቀስከው ይመስለኛል።

እኔም አልረሳሁትም። አገዳ በሚፈጭበት ወራት እናንተ ጋ ሳድር፣ ማሳው በሌሊት ሲቃጠል ሰማዩ ይቀላ ነበር። ጠዋት ጥቁሩ ብናኝ የተሰጣ ልብስ ላይ አርፎ ይገኛል። ባለቤትህ ነጠላዋን እያራገፈች ትቆጣለች። አንተ ከሌሊት ፈረቃ ትገባለህ፤ ካፖርትህ ሞላሰስ ሞላሰስ ይሸታል። ያ ሽታ ናፈቀኝ ብለህ ስትጽፍ፣ ለእኔም መጣልኝ።

ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር አገራችን ሌላ ዘመናዊ ስኳር ፋብሪካ አልነበራትም። ሆላንዶቹ፣ የኤች ቪ ኤ ኩባንያ ሰዎች፣ በኢንዶኔዥያ የለመዱትን ሥራ ይዘው መጥተው አቆሙት። ኋላ ሸዋ የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ ተጨመረ። በ1967 መንግሥት ወረሰው። ባለቤቱ ተለዋወጠ። አገዳውን የቆረጣችሁት፣ ቦይለሩን ያነደዳችሁት ግን እናንተው ናችሁ። ከከምባታ የመጣው፣ ከሐዲያ የመጣው፣ የአካባቢው ኦሮሞ፣ ሁሉም በአንድ ካምፕ ልጅ አሳደገ። በስኳራችሁ የተሠራውን ደስታ ከረሜላ የበላ ልጅ ሁሉ የእጃችሁን ቀምሷል።

ከጻፍከው ሁሉ አንዱ አንጀቴን በላው። «ወገቤን ለቀማኝ ቦታ ለምን አለቅሳለሁ?» ብለሃል።

ወንድሜ፣ ወገብህን አውቃለሁ። ዞር ለማለት ሙሉ ሰውነትህን ስታዞር አይቻለሁ። በየካምፑ ከጉድጓድ ስትጠጡት የኖራችሁት ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። የልጆቹን ጥርስ አበለዘ። ብዙ ዓመት የጠጣውን ሰው አከርካሪ አደረቀ። ሐኪሞች መጥተው አጥንተውታል፤ የተመሰከረ ነገር ነው። በዚህ ብትናደድ እውነትህን ነው። ቦታውን ብትወደውም እውነትህን ነው። ያጎበጠህም፣ ልጆችህን ያስተማረልህም እሱ ነው። ለአንዱ ለማዘን ብለህ ሌላውን አትካድ። ማንም ምረጥ አላለህም።

ዶዶታ ላይ አዲስ ትልቅ ፋብሪካ መቆሙን ታውቃለህ። ሰዎች ይህን እያነሱ ሊያጽናኑህ ይሞክራሉ። ክፋት የለባቸውም። ግን ልጅ ለሞተበት ሰው ሌላ ትወልዳለህ አይባልም። እኔም አልልህም። ስኳሩ ይመረት፣ ወጣቱም ሥራ ያግኝ፤ ደስ ይለኛል። ያንተ የነበረው ግን ያኛው ነው።

እኛ ዘንድ መልካሳ ደህና ነው። በናንተ ሜዳ አልፎ የሚመጣው አዋሽ እኛ ጋ ሲደርስ ተርባይን ያዞራል፤ ከዚያ ወደ ሶደሬ ይወርዳል። እዚህ አልሙኒየም ሰልፌት ፋብሪካ የሠሩ ጎረቤቶቼ ስላንተ ይጠይቁኛል። ደብዳቤህን ሳነብላቸው አንዳቸውም ይብቃው አላሉም። አንዱ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። የፋብሪካ ሰዎች ናቸውና ገብቷቸዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። ብታወራ እሰማሃለሁ፤ ዝም ብትልም አብሬህ እቀመጣለሁ። አሮጌውን ግቢ ማየት ካሰኘህ ቀስ ብለን እንሄዳለን፤ ወገብህ እምቢ ካለ ባጃጅ እንይዛለን። ማየት ካልፈለግህም ደጅህ ላይ ቡና እንጠጣለን።

እስከዚያው እባክህ እህል ቅመስ።