ከመንገድ ላለመውጣት

አሮጌ መኪናውን ይዞ ራቅ ወዳለ አገር ለመሄድ የሚያስብ አዲስ አበቤ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ሽጠህ ላንድክሩዘር ግዛ» የሚል ነው። ይህን ስሰማ እናደዳለሁ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ በ2012 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት እጅግ ውድ ሆኗል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ዛሬ ለአንድ ደህና ላንድክሩዘር የሚጠየቀው ገንዘብ የደመወዝተኛ ገንዘብ አይደለም። እኔ ያለኝ ባለ አምስት በር ቪታራ ነው። ሱዙኪ ቪታራን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ሲያወጣ ለከተማ ሰው ምቾት ቢያስብም፣ ከሥሩ ራሱን የቻለ ሻንሲ፣ ከኋላ ድፍን አክስል፣ ከማርሹ አጠገብ ደግሞ አራቱንም ጎማ የሚያስይዝና ዝቅተኛ ማርሽ የሚያስገባ ዘንግ ሰጥቶታል። ክብደቱም ከላንድክሩዘሩ በግማሽ ገደማ ይቀላል። ለመጥፎ መንገድ የሚፈለገው ዋናው ነገር አብሮት የተፈጠረ ነውና የቀረውን እንደ አቅሜ እሞላዋለሁ አልኩ።

የምንሄደው ባሌ ነው፤ ከጎባ ሳነቴን አቋርጠን፣ በሐረና ደን ወርደን ደሎ መና። ጉዞው የታላቅ እህቴ ሐሳብ ነበር። እትዬ የመምህርነት ሥራዋን የጀመረችው ደሎ መና ነው። ያኔ ሳነቴን የተሻገረችው በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ፣ በስኳር ጆንያዎች መካከል ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ አገሩን አላየችውም።

ሶማሌ ተራ የቪታራ ዕቃ እንደ ልብ ነው፤ የገዛሁትን የገጠሙልኝ መካኒክ ግን ሌላ ሰፈር ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ መኪናን በጆሯቸው የሚመረምሩ ሰው ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። ቢሆንም ተጣላን። እሳቸው መኪናው አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ጎማውም 235 ይሁን ባይ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ እንዲህ የተሠራ፣ ግንባሩ ላይ ረጅም መብራት የተገጠመለት፣ በሩ በተለጣፊ ያሸበረቀ ሌላ ቪታራ ቆሟል።

«ልጄ፣ ሰው ሲያየው መንገድ ይለቅለታል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሳነቴ ላይ መንገድ የሚለቅልኝ ሰው የለም» አልኳቸው።

ነገሩ የውበት ጉዳይ አልነበረም። የቪታራ የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሞላ የሚወጡና የሚወርዱ ናቸው። መኪናው ከአራትና ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ሲል ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው አጭር ዘንግ በጣም ዘንበል ብሎ ይሽከረከራል፤ ግሪስ የያዘው ላስቲክ ይቀደዳል፣ አቧራ ይገባል፣ መገጣጠሚያው ሳይቆይ ይበላል። ትልቁ ጎማም የራሱ ዕዳ አለው። 235ቱ ከነባሩ 205 በቁመት አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል ስለሚበልጥ ማርሹን ሁሉ ያከብደዋል። ከባሕር ወለል አንስቶ በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበት የሚያጣ ባለ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር 4,000 ሜትር ላይ ያንን ጎማ እንዲጎትት ማስገደድ ግፍ ነው። እኔ የፈለግሁት አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ የሚያደርግ ጠንካራ ሞላ፣ አዲስ አሞርዛተር፣ ጥርሱ ሸካራ የሆነ 215 ጎማ ነው። ከገንዘቤ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ጎማው ነው፤ መውሰድም ያለበት እሱ ነው።

ሁለተኛው ጠብ በላሜራው ላይ ሆነ። ከሞተሩ የዘይት ቋትና ከማርሽ ሳጥኑ ሥር አራት ሚሊ ላሜራ እንዲታጠፍልኝ ጠየቅሁ። በያጁ ከሻንሲው ጋር ሊበይደው ብረቱን ማሞቅ ጀመረ። በብሎን ይታሰር፣ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ይፈታል፣ ሥሩም ጭቃና ውኃ የሚወርድበት ቀዳዳ ይኑረው አልኩ። ክርክሩ እስከ ምሳ ዘለቀ። በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው መሰርሰሪያውን ተቀብለው ብሎኖቹን አስገቡ፤ እጃቸው እንደ ሁልጊዜው የተዋጣለት ነበር።

ከሁሉ ርካሹና እኔ ከሁሉ የምወደው ሥራ ጥቂት ሜትር የነዳጅ ቱቦ ነው። ዲፈረንሻሉ የሚተነፍስባት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። በጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በዚያች ቀዳዳ ውኃ ይስባል፤ ዘይቱ ወተት ይመስላል፣ ጥርሱም ያልቃል። ቱቦውን ከቀዳዳዋ ላይ አስገብቶ እስከ ኮፈኑ ሥር መሳብ ችግሩን ይዘጋዋል። ብዙ ገንዘብ መብራት ላይ አፍስሰው ይህችን ቱቦ የረሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

በጉዞው ዋዜማ እትዬ ፍራሽ፣ ድስት፣ ሁለት ጄሪካን፣ የከሰል ምድጃና ጀበና ይዛ መጣች። «ፖርቶ መጋላ የሌለው መኪና ምኑ የጉዞ መኪና ነው?» አለችኝ። ጣሪያ ላይ የወጣ ኪሎ ሁሉ ወደ ጎን በተዳፋ መንገድ ላይ መኪናውን ወደ ገደሉ ይስባል፤ ይህን ስነግራት ሰበብ የምደረድር መሰላት። ምድጃውና አንዱ ጄሪካን ቀሩ። ፍራሹ ታጥፎ ከኋላ ገባ። ከካንዴላው፣ ከፍሪሲዮን ሽቦው፣ ከቺንጋውና ከራዲያተር ቱቦው ጋር ጀበናዋም ቦታ አገኘች። እስከ አዳማ አልተነጋገርንም።

አሰላ፣ በቆጂ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ፣ ሮቤ። አስፋልት ነው፣ ስንዴና ገብስ ነው፣ መሸ።

ጎባ ሲነጋ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ቤንዚን ሞላንና በአስፋልት 28 የምነፋውን ጎማ ወደ 18 አወረድኩት። የላላ ጎማ ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ ይይዛል፣ ንዝረቱንም ይውጣል፤ በአንጻሩ በፍጥነት መንዳት ክልክል ነው። ይህ ለውጥ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። አስታው እያጠረ ሄዶ አለቀ፣ ጅብራው በየሜዳው ቆሞ ታየ፣ ሞተሩም ትንፋሽ አጠረው። ካርቡራተሩ የለመደው የአዲስ አበባን 2,400 ሜትር አየር ነው፤ እዚህ አየሩ ሲሳሳ የሚልከው ቤንዚን ስለሚበዛ ጭሱ ጠቆረ። ዝቅተኛውን ማርሽ አስገባሁና መኪናው ቀስ ብሎ፣ ሳይንገታገት ወጣ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዋን መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ እስከ አዲስ አበባ እንዳደረሳት ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ለመኪና ተብሎ የተሠራ መንገድ የት ነበረና! ያች መኪና ያለፈችበትን ሳስብ የኔዋን ማመስገን ጀመርኩ።

ሳነቴ በአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት የመኪና መንገዶች አንዱ የሚያልፍበት ሜዳ ነው፤ ከጎኑ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ቆሟል። እዚህ ነው የጉዞው ሁሉ ምክንያት ለኔ የተገለጠልኝ። ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ገና አልወጣም። መንገዱ መሐል ውኃ ቋጥሯል። ከእያንዳንዱ ኩሬ ግራና ቀኝ፣ በሣሩ ላይ፣ አዲስ የጎማ ዱካ አለ። ኩሬውን የሸሸ መኪና በሣሩ ይዞራል፤ ሣሩ ይጨቀያል፤ ቀጣዩ ደግሞ ከእሱ ራቅ ብሎ ይዞራል። አንዳንድ ቦታ መንገዱ አምስት ስድስት መኪና ጎን ለጎን እስኪያስኬድ ሰፍቷል። በጎማ የሚታረሰው ምድር ባዶ ሜዳ አይደለም። ከሥሩ በዓለም ላይ ባሌ ብቻ የሚኖረው ትልቁ ፍልፈል ጉድጓዱን ቆፍሯል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው ያንን ፍልፈል እየበላ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ የሚበልጡት እነዚህ ተራሮች ላይ ናቸው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚህ ሁሉ ሀብቱ ነው።

አንዱ ኩሬ ዳር ቆመን ጥልቀቱን በእንጨት ስለካ ከኋላችን አንድ የኪራይ ላንድክሩዘር ደረሰ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ከዚያም መሪውን ወደ ሣሩ ጠመዘዘ። እጄን ዘርግቼ ፊቱ ቆምኩ።

«ወንድሜ፣ በመንገዱ እለፍ።»

«ጭቃ ነው እኮ!»

«መኪናህ ለጭቃ የተሠራ ነው።»

«እንግዶች ይዣለሁ፤ ብቀረቀር ማን ያወጣኛል? ዞር በል!»

«እኔ አወጣሃለሁ። ገመድ አለኝ።»

ሳቀብኝ፤ ቪታራን ከላይ እስከ ታች አየና ሳቀብኝ። ያን ጊዜ እትዬ ከመኪናው ወረደች። ባትናገርም ሰው የሚያስደነግጥ የአስተማሪ አቋም አላት። «የኔ ልጅ፣» አለችው፣ «እንግዶችህ የመጡት ይህንን ሊያዩ አይደለም እንዴ?» ካሜራ ያነገቱት እንግዶች ዝም ብለው ያዩናል። ሾፌሩ አልመለሰላትም፤ ግን ሞተሩን አላጠፋም፣ ወደ ሣሩም አልገባም።

እኔ ቀደምኩ። አራቱንም ጎማ አስይዤ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሳልነካ፣ ነዳጁን ሳልጨምር ሳልቀንስ ገባሁ። ውኃው ከጎማው ግማሽ አለፈ። ላሜራው አንድ ድንጋይ መታና ተንሸራተተ። ወጣን። ላንድክሩዘሩም ተከትሎን በመንገዱ መሐል፣ ያለ ምንም ችግር አለፈ። ሾፌሩ ሲቀድመን ዞር ብሎም አላየኝ፤ ቀኑን ሙሉ ደሜ እንደ ፈላ ዋለ። መኪናን ማስተካከል፣ ብረትና ጎማ መጨመር፣ ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣት ትርጉም የሚኖረው መጥፎው መንገድ ላይ ጸንቶ መሄድ ስለሚያስችል ነው። ሣሩን ለመርገጥማ ማንኛውም ታክሲ ይበቃል።

ከጥቂት ርቀት በኋላ ቀይ ቀበሮ አየን። ከመንገዱ ዳር ጉድጓድ ላይ አፍጥጣ ቆማለች፤ ሞተሩን አጠፋሁ። እትዬ ትንፋሿን ውጣ አየቻት። «ያኔ ከኤንትሬው ላይ ሆነን ውሻ መስላን ነበር» አለችኝ።

ቁልቁለቱ ከሜዳው ጫፍ ድንገት ይጀምራል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሪራ ይወርዳል። ዕድሜ ጠገብ ፍሬን እዚህ ላይ አይታመንም፤ ሸራው ይግልና መያዝ ያቆማል። ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብቼ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘን ተውኩት። ከእኛ በታች ጉም የሞላው ደን ተዘርግቷል።

ሪራ ዝናብ ያዘንና አንድ ቤት መጠለያ ጠየቅን። የቤቱ እመቤት በዕድሜ ከእትዬ ትልቃለች። እትዬ የረሳችው የመሰላት ኦሮምኛ በአንድ ጊዜ ተመለሰላት፤ «አካም ጅርቱ?» ብላ ጀምራ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቁ። በወይራ የታጠነ ወተት በቅል ቀረበልን። ቀጥሎ ጩኮ መጣ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ፣ ከእንጨት ገበታ ላይ ተጠቅጥቆ። ብርድና ቁጣ የያዘው ሰው ያን ሲጎርስ የሚሰማውን መናገር ይከብዳል፤ ጨዋማ ነው፣ ቅቤው ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል፣ ገብሱ ከጥርስ ሥር ይሰማል፣ ሁለተኛ ጉርሻ ላይ እግር ድረስ ይሞቃል። የሐረና ማርም በሳሕን ወጣ፣ ከነሰፈፉ። እትዬ ጀበናዋን ከመኪናው አምጡልኝ አለች፤ የቤቱ እመቤት ግን እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። እንግዳ በቤቷ ቡና አያፈላም። ገንዘብ ልንሰጥ ስንል ፊቷ ተለወጠ፤ ቶሎ መለስነው። እትዬ ካመጣችው ሻይ ቅጠልና ስኳር ላይ ጥቂት በቤቱ ልጅ እጅ አስቀመጠች፣ እሱን ተቀበሉን።

ከሪራ በታች ያለው ደን ጭቃ፣ ሥር፣ ድንጋይ፣ ወንዝ ነው። ጎማው አንዴም አልተነፈሰም፣ ዲፈረንሻሉም ውኃ አልሳበም።

ደሎ መና ሙቀት ነው። ጎሚስታው ጎማዎቹን ሲነፋ እኔ ከሥር ገባሁ። ላሜራው ሁለት ቦታ ጎድጉዷል፤ ከሥሩ ያለው የዘይት ቋት ጭረት የለውም። አንድ ብሎን ወድቋል። ጎሚስታው ከጣሳው ውስጥ ፈልጎ ልኩን አገኘልኝና አሰረው። እትዬ ትምህርት ቤቷን ልታይ ሄዳ ስትመለስ ጢሙ የሸበተ ሰው ይዛ መጣች፤ ያስተማረችው ልጅ ነው። ነገ እስከ ሪራ አብሮን ሊሄድ ይፈልጋል፣ አንድ ጆንያ ቡናም አለው።

ሞላው ያንን ይችላል፤ ለሰውና ለዕቃ አስቤ የመረጥኩት ነው። «ጆንያው ከወለሉ ላይ፣ ከመቀመጫው ኋላ ይተኛ» አልኩ። «ጣሪያ ላይ አንድም ነገር አይወጣም።»

እትዬ አልተከራከረችኝም። ፍራሿን ከኋላ አውጥታ «ይህን ለልጆችህ ውሰድላቸው» አለችው፣ ቦታው ለጆንያው ተለቀቀ።