ውሃው በየት በኩል ይግባ? ለቆላ መንገድ ሾፌሮች

ከነገሌ ወደ ፊልቱና ዶሎ አዶ፣ ከያቤሎ በሜጋ ወደ ሞያሌ ለምትመላለሱ ሾፌሮችና የመኪና ባለቤቶች፤ እባካችሁ ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

የቱርቦ ሞተር አየር መግቢያ ላይ ውሃ የሚረጭ ዕቃ ስለማስገጠም የሚጠይቁኝ በዝተዋል። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ቱርቦ አየሩን ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፤ በቆላ ሙቀት ላይ ጭነትና ዳገት ሲጨመርበት ደግሞ ሞተሩ ይጨነቃል። በዚህ ጊዜ እንደ ጉም የተረጨ ውሃ ተንኖ ሙቀቱን ይወስዳል። አንድ ሊትር ውሃ ለመትነን የሚፈጀው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከ25 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ሰባት እጥፍ ያህል ነው። ጥቅሙ ያለው መትነኑ ላይ ነው፤ ሳይተን የተጠራቀመ ውሃ ሞተር ይሰብራል። መርጫው የሚገጠምበት ቦታ የሚወስነውም ይህንኑ ነው።

ከቱርቦው በፊት ሲገጠም፣ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከረው ክንፍ ከጠብታዎቹ ጋር ይጋጫል። ጠብታው ወፈር ካለ የክንፉን ጠርዝ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ከዚያ ሚዛኑ ይዛባል፣ ኩሽኔታውም ይጎዳል። ከቱርቦው በኋላ፣ ከኢንተርኩለሩ በፊት ሲገጠም ደግሞ ውሃው ኢንተርኩለሩ ውስጥ ይቀዘቅዝና ከታች ያቁራል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ያቆረው ሁሉ በአንዴ ይሳባል።

የተሻለው ቦታ ከኢንተርኩለሩ በኋላ ነው። እሱም ቢሆን ለአንዱ ሲሊንደር በጣም ከቀረበ ያ ሲሊንደር ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ሌሎቹ ይደርቃሉ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የታንከሩ ከፍታ ነው። ታንከሩ ከመርጫው በላይ ከሆነና መዝጊያ ቫልቭ ከሌለው፣ መኪናው ቆሞ ሲያድር ውሃው በራሱ እየወረደ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። በ3 ሊትር ባለአራት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ፒስቶኑ ላይ ጫፍ ሲደርስ የሚተርፈው ባዶ ቦታ 45 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ከአንድ ቡና ሲኒ ያነሰ ነው። ውሃ አይጨመቅም። ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ቢየላው ይጣመማል።

ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም ይህን አስበውበታል። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ኤም 4 ጂቲኤስ ውሃውን የሚረጨው የአየር ማከፋፈያው ላይ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ቱቦ ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ይረጭ ነበር፤ ብዙ ባለቤቶች ግን ፈሳሹን መሙላት ሰለቻቸው። በኋላ ኩባንያው ራሱ ከብዙዎቹ መኪኖች ላይ ቱርቦውን አወለቀ።

በእኛ አገር የውሃው ዓይነትም ሌላ ጣጣ አለው። ከነገሌ ወደ ፊልቱና ዶሎ ያለው መሬት በብዛት የኖራ ድንጋይ ነው፤ በሜጋ በኩል ደግሞ የኤል ሶድ የጨው ሐይቅ አለ። የጉድጓድ ውሃ በድስት አፍልታችሁ እስኪደርቅ ተዉትና ከታች የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት በጥፍራችሁ ፋቁት። ያው ቅርፊት የመርጫዋን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ራዲያተሩንም ያንቃል። ለመርጫ የሚሆነው ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ አሲድ እንዳልሆነ ግን አረጋግጡ።

እኔ የምመክረው ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ባለው ማቀዝቀዣ ላይ እንድታውሉት ነው። ራዲያተሩን አሳጥቡ፤ ቴርሞስታቱንና ፋኑን አስፈትሹ። የቆላው አቧራ የሞላውን ፊልትሮ ቀይሩ፤ የኢንተርኩለሩን ቱቦዎች ስንጥቅ ፈልጉ። ጭነት ቀንሱ። ከዳገት ወጥታችሁ ስትቆሙ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ ቱርቦው እስኪበርድ በሚኒሞ ይሥራ። አብዛኛው የሙቀት ችግር እዚሁ ላይ ያልቃል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም መርጫ ካስፈለጋችሁ፣ ገጣሚውን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ መርጫው የት ይገባል? ሞተሩ ሲጠፋ ውሃውን የሚዘጋው ምንድን ነው? ውሃው ሲያልቅ በምን አውቃለሁ? ሦስቱንም አጥርቶ ካልመለሰላችሁ ኮፈኑን አታስከፍቱት። የቤተሰብ እንጀራ በዚያ ሞተር ላይ ነው።