የዘጠነኛ ክፍል ልጆቼ፣ ይቅር በሉኝ

አጅባር ከተማ እንግሊዝኛ ሳስተምር የበደልኳቸው ልጆች አሉ። በመጽሐፉም ሆነ በክፍሉ መጨናነቅ ላላሳብብ ነው የምጽፈው፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። የእንግሊዝኛን ግሥ እንደ ዳዊት በቃላቸው አስደገምኳቸው፤ ሲሳሳቱ ደግሞ አሳፈርኳቸው።

ልጆቹ የቤሽሎን ወንዝ ቁልቁል ከሚያዩ ቀበሌዎችና ከደንቆሮ ጫካ ጥግ የሚመጡ ነበሩ። አጅባር ላይ ክፍል ተከራይተው፣ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤተሰባቸው ይወጣሉ። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በአማርኛ ተምረው ዘጠነኛ ሲደርሱ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃን መማሪያ ቋንቋ እንዲያ ነው የደነገገው። እኔም እቅፍ አድርጌ ላሻግራቸው ሲገባኝ፣ ክፍሌ ውስጥ አማርኛ የተናገረ እንዲቆም አደርግ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ቨርብ ዋን፣ ቨርብ ቱ፣ ቨርብ ስሪ» ብዬ በሦስት ረድፍ እጽፋለሁ፤ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያሉ ይጮኻሉ። ያ ማስተማር ይመስለኝ ነበር።

አንዷን ግን ልረሳት አልቻልኩም። ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ ብዬ አንድ ገጽ ድርሰት አዘዝኩ። እሷ የጻፈችው፣ ታናሽ ወንድሟ ገብስ ሲጠብቅ እንቅልፍ ጣለውና ጭላዳ ማሳውን ስለማበላሸቱ፣ አባቷም ለክረምቱ እህል መሸመቻ በግ ስለመሸጣቸው ነበር። ግሦቹ በሙሉ በቨርብ ዋን ነበሩ። «ማይ ፋዘር ሴል ዘ ሺፕ» ይላል። ደብተሯን ይዤ ለክፍሉ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ግሥ በደረስኩ ቁጥር ቆም እያልኩ «ምን ማለት ነበረባት?» ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ ሳቀ። በቀይ እስክሪብቶ ከአሥር ሁለት ሰጠኋት። በጉ ስንት እንዳወጣ፣ ልጁ ምን እንደደረሰበት አልጠየቅኳትም። ከዚያ በኋላ እጇን አውጥታ አታውቅም።

ሌላው ልጅ «ቲቸር፣ ‹አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ› ለምን ስህተት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሕጉ ነው፣ ጻፍ» አልኩት። የማላውቀውን በቁጣ ሸፈንኩ።

መልሱ ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ ውስጥ ነበር። እኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ስንል ማንም አይገረምም። እንግሊዝኛው ግን «ሃቭ ሲን» ያለ ሰው ያለቀ፣ የተዘጋ ቀን እንዲጠራ አይፈቅድለትም፤ ትናንት ካለ «አይ ሶው» ማለት አለበት። «እሄዳለሁ»ም እንዲሁ ነው። ዘወትር ገበያ እሄዳለሁ፣ ነገ ገበያ እሄዳለሁ፤ ለሁለቱም አንድ ግሥ ይበቃናል። ስለዚህ ልጆቹ ለየቀኑ ሥራቸው «ዊል» ሲያስገቡ የራሳቸውን ሥርዓት ይዘው ነው የተሻገሩት። ሸጥኩ፣ ሸጥክ፣ ሸጥሽ፣ ሸጠ፣ ሸጠች፣ ሸጥን፣ ሸጣችሁ፣ ሸጡ እያለ ሳይሳሳት የሚያረባ ልጅ፣ አንዲት «ኤስ» ስለጎደለችው ደደብ ሊባል አይገባም ነበር። እኔ ብዬዋለሁ።

ይህን አነጻጽሮ ለማሳየት ጠመኔና አሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር። እሱንም ከለከልኳቸው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ገደማ ብቻ ሆኑ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በወቅቱ የነበረው ጦርነትም፣ የመጽሐፍ እጥረቱም አለበት። ግን የፈተናው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥያቄውን አንብቦ «ሆኗል» ወይም «ይሆናል» ማለቱን መለየት ያቃተው ልጅ የፊዚክሱን ስሌት ቢያውቅም ምን ይጠቅመዋል? ያን ቀን ራሴን ከጥፋተኞቹ መካከል ቆጠርኩ።

አሁን ድርሰት ስቀበል መጀመሪያ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ ስለ ታሪኩም እጠይቃለሁ። ከዚያ አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ መርጬ አሰምራለሁ፤ አማርኛውንም ከጎኑ አስጽፋለሁ። ያቺን ልጅ ግን ይህ አይክሳትም። ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ ድርሰትሽ ጥሩ ነበር። ማርኩን መሳሳቴ አንድ ነገር ነው፤ ከሁሉ በላይ ይቅርታ የምጠይቅሽ የቤትሽን ችግር በጓደኞችሽ ፊት መሳቂያ ስላደረግኩት ነው።